የሦስት እንጨት አቃቤ

በሥራ ቀን ችሎት፣ ቅዳሜ ሜዳ ዳር፣
ባንድ ብዕር ጻፍሁ የሁለቱን ነገር፤
በግራ የምስክር፣ በቀኝ የኳስ ቁጥር።
ሁለቱም ገጽ ላይ ኦስመንድ ዋምቤክ አለ፣
አንዱን በካባው፣ አንዱን በጓንቱ እየተቀበለ።

አባቱ የፖስታ ቤት ማኅተም ሲመታ አረጀ፣
በብድር ኮሎምቦ ልኮ፣ ልጁን ለሕግ አበጀ።
እናቱ ዳንቴል ሠርታ ጓንቱን ገዛችለት፣
“ጣትህን ጠብቅ” አለች፤ እሱ እንጨቱን ጠበቀላት።

ክሪኬት ለማያውቅ ላውጋው ባጭሩ፦
ሦስት ቀጫጭን እንጨት ይተከላል ባፈሩ፤
ዋምቤክ ቁጢጥ ይላል፣ ከእንጨቶቹ ኋላ፣
ያመለጠው ኳስ እንዳይሄድ ወደ ሌላ።
ሰኞ በሰዎች ፊት አቃቤ ሕግ ሲባል፣
ቅዳሜ የሦስት እንጨት አቃቤ ይሆናል።

ሦስት እንጨት ባልሁ ቁጥር ምላሴ ይይዘኛል፤
ኮሎምቦ ወህኒ ውስጥ ያለው ትዝ ይለኛል፦
ሁለቱ ቆመው፣ አንዱ የተጋደመ፣
ስንት ሰው ከሥሩ ለመጨረሻ ቆመ።

ጋሌ፣ ከምሽጉ ሥር፣ ባሕር ካለበት ሜዳ፣
ከግንቡ ላይ ያያል ያልከፈለ እንግዳ።
ሊያናጌ፣ የማታራ፣ የባቡር ትኬት ቆራጭ፣
በተዋሰው ጫማ፣ በወንድሙ ሱሪ ነጭ፣
ዘጠና ስድስት ደርሶ፣ ለመቶ ሲንሰፈሰፍ፣
ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነክታ ስታልፍ፣
ዋምቤክ ተወርውሮ፣ በግራ እጁ ቀልቦ፣
“ዳኛ!” ብሎ ጮኸ፣ ከመሬት ተሰብስቦ።
ዳኛው ጣቱን ሰቀለ። ልጁ ቆሞ ቆየ፣
ዋምቤክን፣ ዋምቤክን ብቻ፣ አተኩሮ እያየ።
ከዚያ ወጣ። መዝገቤ ላይ “ተቀለበ” አልሁ።
ኳሷ ሥር ግን አቧራ፣ እፍኝ የማይሞላ፣ አይቻለሁ።
ዋምቤክ ያውቃል። አውቃለሁ። ሻይ ቀረበና፣
ስለ ዝናም አወራን፣ ስለ ሙዝ፣ ስለ ጤና።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጣቶቹ ተጣመው፣
ዝንጅብል መሰሉ፣ አሥሬ ተሰብረው፣ አሥሬ ታክመው።
ዓሣ አጥማጁ ኦዲሪስ በነፍስ ተከሰሰ፣
አንድ ምስክር ብቻ ለቃሉ ደረሰ፦
“ጀንበር እንደጠለቀች፣ በስድሳ እርምጃ ያህል፣
ፊቱን ለየሁት” አለ፣ እጁን አንሥቶ ሲምል።
ሸንጎው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ፤
ገመዱን የሚያለሰልስ ሳሙና ተገዛ ተባለ።

በማግሥቱ አመሻሹን ዋምቤክ ደጄን መትቶ “ውጣ” አለኝ፤
ባሕሩ ዳር ወስዶ፣ ቀይ ኳስ አስያዘኝ።
“ከፍ አድርገህ ያዛት” አለ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣
ኋሊት ሄደ፣ እየቆጠረ፣ ዓይኑን ኳሷ ላይ ጥሎ።
አሥር... አሥራ አምስት... ሃያ... ሃያ ሁለት ላይ ቆመ።
ማዕበል ቁርጭምጭሚቱን ልሶ ተመለሰ፣ ደገመ።
“አትታየኝም” አለ። “ዓይኔ ኳስ ሲያሳድድ ነው የኖረ፤
እኔ ሃያ ሁለት ላይ ካጣሁ፣ እሱ ስድሳ ላይ ምን ቆጠረ?”

ሲነጋ ችሎት ተነሣ። “ክቡር ዳኛ” ብሎ ጀመረ፤
ዱሮ “ዳኛ!” ሲል የጮኸበት ጉሮሮ ያው ነበረ።
“ይህን ክስ አልቀለብሁትም፤ መሬት ነክቶ ነው እጄ የመጣ።”
ማንም አልገባው። ሸንጎው ተያየ። ኦዲሪስ ነጻ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሹመት እሱን እየዘለለ፣
ታናናሾቹ ኮሎምቦ ገቡ፤ እሱ ጋሌ ዋለ።
ጡረታ የወጣ ለት፣ ጃንጥላውን ሳይዘጋ፣ ከበራፌ ቆሞ፣
“ያን መዝገብ” አለኝ፤ የቱን ብዬ አልጠየቅሁትም ደግሞ።
እርሳስ ሰጠሁት። በዝንጅብል ጣቱ ጥቂት ጫጫረ፣
መጽሐፉን ዘጋ። ስለ ዝናም አወራን፣ ስለ ጤና፣ እንደ ነበረ።

ከቀብሩ በኋላ ነው የገለጥሁት። ከሊያናጌ ስም ትይዩ፣
አንድ ቃል፣ በእርሳስ፣ “አልቀለብሁም”፤ ፊደሎቹ በጭንቅ ታዩ።
መዝጋቢ መዝገብ አይፍቅም፤ የኔን ቀለም አልነካሁት፤
ከእርሱ ቃል ሥር ግን፣ ዘግይቼ፣ “እማኝ” ብዬ ፈረምሁበት።